በሐራጅ የተገዛ አያት

ዓባይነህ በሰበታ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። ከሳሽ ጠዋት ይመጣል፤ ዓባይነህ «መብቴ ተረገጠ» ብሎ ይጽፍለታል። ተከሳሽ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ «የረገጥኩት መብት የለም» ብሎ ይጽፍለታል። ሁለቱም በእጅ ጽሕፈቱ ውበት ረክተው ይሄዳሉ፤ ከዓመታት በኋላ ከሁለት አንዳቸው ማሸነፋቸው ስለማይቀር የዓባይነህም ስም በጥሩ ይነሳል።

የሥራው ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነበር። በአካባቢው የትኛው ቤተሰብ በውርስ እንደተጣላ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። በውርስ የተጣላ ቤተሰብ ደግሞ ውሎ አድሮ ሐራጅ ያስወጣል፤ ዓባይነህ ከሐራጅ የሚወደው ነገር በዚህ ዓለም አልነበረውም።

ሐራጅን ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ደስ ይላል፤ እንዲህ ያለ ብልህ ሥርዓት በየቦታው አይገኝምና። አንድ ሰው ይሞታል። ዘመዶቹ በአርባው አብረው ያለቅሳሉ፤ በሰማንያው ይካሰሳሉ። መሬቱን መከፋፈል ጊዜ ይፈጃል፤ አልጋው፣ ምንጣፉና ብርሌው ደግሞ ለሁለት አይሰነጠቁም። ስለዚህ ዳኛው «ዕቃው ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈሉ» ብለው ይፈርዳሉ። ሐራጅ ማለት እንግዲህ የማይስማሙ ወራሾች የሚስማሙበት ብቸኛው ነገር ነው። በተቆረጠው ቀን ዕቃው ወደ ግቢ ይወጣል፣ ሐራጅ ባዩ በርሜል ላይ ይቆማል፣ አገሩ ይሰበሰባል። ግማሹ ሊገዛ ይመጣል፤ ግማሹ እንዲያ ይኮሩ የነበሩት ሟች ምን ዓይነት አልጋ ላይ ይተኙ እንደነበር ለማየት ነው የሚመጣው። ወራሾቹ ግን ድርሽ አይሉም። የዘመድ ዕቃ ሲሸጥ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ ገንዘቡን መቀበል ነውር አይደለም።

ከዚህ ሌላ የፈረንጅ ሽያጭ ነበር። በዚያ በሃምሳዎቹ ዓመታት፣ ከወረራው በኋላ እዚሁ የቀሩ የጣልያን መካኒኮችና ግንበኞች አንድ በአንድ ወደ አገራቸው ይመለሱ ነበር። ፈረንጅ ሳይሞት ይሸጣል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ዓባይነህ ወደነዚህ ሽያጮች ብቻውን ሄዶ አያውቅም። ፉሪ ዳገት ላይ ገብስና ጤፍ የሚያርስ ጎበና የሚባል ወዳጅ ነበረው፤ የሰፈሩ ሰው ኦቦ ጎበና ይለዋል። ጎበና በቅሎ ስለነበረው ዕቃ ያጓጉዝ ነበር፤ ግን ለበቅሎው ብቻ አልነበረም የሚፈለገው። እሱም የራሱ አመል ነበረው፤ አሮጌ የበር ቁልፍ ይሰበስባል። የተሰበረ፣ የዛገ፣ መክፈቻ የሌለው፣ ምንም ይሁን ምን ያገኘውን ይገዛል። ሚስቱ ጠጅቱ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሁሉ «ቤታችን ያለው አንድ በር ነው፤ እሱንም የምንዘጋው በድንጋይ ነው» ትላለች።

ሁለቱ ወዳጆች የረቀቀ አሠራር ነበራቸው፤ በዝርዝር ቢነገር ያስደስታል። ዓባይነህ የፈለገውን ዕቃ አያይም። ሰሃን ከፈለገ ወንበር ያያል፤ ወንበር ከፈለገ ጣሪያ ያያል። የፈለገውን ዕቃ የሚያየው ጎበና ነው፤ አይቶም ያጣጥላል። ያንኳኳል፣ ያሸታል፣ በጫማው ጫፍ ይነካል፣ ከዚያ «ውይ! ይሄን ነገር ለሰው ያሳያሉ እንዴ?» ይላል። ሻጩ በዕቃው ማፈር ሲጀምር ዓባይነህ ከጣሪያው ላይ ዓይኑን ያነሳና «እስቲ ለበጎ ሥራ ልውሰድላችሁ» ብሎ ይጠጋል። ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር።

ያልሠራበት ቀን ነው የዓባይነህን ሕይወት ያዞረው።

ቡራዩ ላይ አንድ የጣልያን መካኒክ አገሩ ሊገባ ቤቱን ይሸጥ ነበር፤ ከዕቃው መሐል ባለ ፔዳል የስፌት መኪና አለ። ዓባይነህ ስፌት አያውቅም። የፈለገው የብረት እግሩን ነው፤ መኪናውን አንስቶ ሳንቃ ቢጥልበት በሰበታ ታይቶ የማይታወቅ የጽሕፈት ጠረጴዛ ይሆናል ብሎ አስቧል። ስለዚህ ጣሪያውን እያየ ቆመ፤ ጎበና ሥራውን ጀመረ።

«ይሄ የስፌት መኪና ነው? የወፍጮ ልጅ ነው እንጂ! ድምፁን ስማው፤ ጤፍ ጨምርብኝ ነው የሚለው። መርፌው ጠምሟል፣ ቀበቶው ሞቷል። ይሄን የገዛ ሰው ሱሪ ልስፋ ብሎ ጆንያ ነው የሚያወጣው።»

አጠገባቸው ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች ሴት ቆማ በጥሞና ታዳምጥ ነበር። ጎበና ትንፋሽ ለመውሰድ ባረፈባት ቅጽበት ወደ መካኒኩ ዞረች።

«ሰማህ ሲኞር? ሰውየው የማያውቁህ ገበሬ ናቸው፣ ለማን ብለው ይዋሻሉ? እኔ ግን ስለምታሳዝነኝ እወስደዋለሁ።»

ጣልያኑ አፍሮ ቁርጡን ነገራት። ከፈለች። ከዚያ ወደ ጎበና ዞራ በአክብሮት እጅ ነሳች። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። ለእኔ ብለው ነው ይህን ሁሉ የደከሙት።»

ጎበና የጠመመ ያለውን መርፌ ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ። ዓባይነህ ግን በዚያች ቅጽበት የፈለገውን ነገር አለማየት የሚለውን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሰ፤ ሴትዮዋን አፍጥጦ አያት። መኪናውን ራሱ ተሸክሞ እቤቷ ድረስ አደረሰላት።

ውብአየሁ ትባላለች። ከመጀመሪያ ባሏ ተፋታ አባቷ ግቢ አንድ ክፍል ይዛ ልብስ ትሰፋ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የዓባይነህ ልብሶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ታመሙ። ኮቱ እጅጌው ረዘመ፣ በሳምንቱ አጠረ፣ ሱሪው ወገቡ ላይ ጠበበ። ከሰበታ እስከ ቡራዩ በየመንገዱ ያለው ልብስ ሰፊ ሁሉ እንዳልተወለደ ተቆጠረ። ክረምቱ አልፎ በጋው ሊያልቅ ሲል ውብአየሁ የጠበበውን ሱሪ እየተረተረች «አቶ ዓባይነህ፣ ልብስዎን ጨረስን። አሁን አባቴን ያስጠይቁ» አለችው።

አባቷ አቶ ካሳሁን ቡራዩ ላይ ጨውና አቡጀዴ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ አጭር ነበር።

«ጸሐፊ መሆኑን ሰማሁ። የማን ልጅ ነው?»

«የተጉለት ሰው ነው» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«ተጉለት ሰፊ አገር ነው፤ ድንጋይም ከተጉለት ይመጣል። አያቱ ማናቸው? ምን ነበራቸው? ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ ቤቱን መጥቼ አያለሁ፤ የሰው ዘር ከቤቱ ይታወቃል።»

ዓባይነህ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። የአባቱ አባት ሸማኔ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሸማኔ የሠራውን ኩታ ለብሶ ሸማኔን መናቅ የጨዋ ሰው ምልክት ነበር፤ አቶ ካሳሁንም ጨዋ ሰው ናቸው። እውነቱን ከተናገረ ውብአየሁን አያገኝም። እና ሰውየው ያውቅበት በነበረው ብቸኛ መንገድ ችግሩን ለመፍታት ተነሳ። የጎደለውን ነገር በሐራጅ ይገዛል።

በዚያው ሰሞን የሱሉልታው የሙያ ጓደኛው ወሬ ላከለት። ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ ልጅ ያልነበራቸው ሴት ዕቃ ሊሸጥ ነው። ወይዘሮዋ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ክርክሩ ግን ገና ጎልማሳ ነው። መሬቱ ይቆይ፣ የቤቱ ዕቃ ይሸጥ ተብሏል። ሁለቱ ወዳጆች በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገቡ፤ ከዚያ በጎጃም መንገድ እንጦጦን በጭነት መኪና ተሻገሩ።

ግቢው ውስጥ ምንጣፍ፣ ፋኖስ፣ የመዳብ ሰሃን፣ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ተደርድሯል። ከሣጥኑ ላይ በትልቅ የፎቶ ፍሬም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ካባ ደርበዋል፣ ጎራዴ ታጥቀዋል፣ ፎቶ አንሺው ጉንጫቸውን በቀለም ስላቀላው የተቆጡም ያፈሩም ይመስላሉ። ዓባይነህ አየና ወዲያው ዓይኑን ወደ ግቢው ዋርካ ሰቀለ። ጎበና ገባው።

ሱሉልታ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ዘዴ ሊሞክሩ ተስማምተው ነበር፤ ሻጩ እንዳይሰማ ምሥጢራቸውን በኦሮምኛ ሊነጋገሩ። ጎበና ፍሬሙን በጣቱ ነካና «ኩን ሂንተኡ፣ ዲሲ!» አለ፤ ይሄ አይሆንም፣ ተወው ማለቱ ነው። አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ቆም ብሎ፣ ሱሉልታ ውስጥ ኦሮምኛ የማይሰማው ማን ነው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እነሱ አልጠየቁም።

ሐራጅ ባዩ ገርባ ይባላል። ከበርሜሉ ላይ ሆኖ «ማሊፍ ሂንተኡ?» አለ፤ ለምን አይሆንም? «ጺማቸው አነሰህ ወይስ ጎራዴያቸው?»

ሕዝቡ ሳቀ። ዓባይነህ አፍሮ በቀጥታ ጠየቀ። «እኚህ ሰው ማን ናቸው?»

«የሟች ዘመድ ይሆናሉ» አለ ገርባ። «ለገዛቸው ሰው ደግሞ የፈለገውን ይሆናሉ።»

ሌላ ተጫራች አልነበረም። ሌሎቹ ሰሃን ነው የሚፈልጉት፤ የሰው አያት ወጥ አይዝም።

ሲመለሱ ዓባይነህ አውቶቡስ ውስጥ ፍሬሙን በጋቢው ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አቀፈ። አጠገቡ የተቀመጡ ሴት ጥቅሉን አይተው «የማናቸው ሥዕል ነው ልጄ?» አሉት፤ የቅዱስ ሥዕል መስሏቸዋል። ምን ብሎ ይመልስ? ዝም አለ። ሴትዮዋ ዝምታውን የአክብሮት አድርገው ወሰዱና ጎንበስ ብለው ጥቅሉን ሳሙ። ከኋላ ያለውም ሰው እጁን ዘርግቶ ዳሶ ግንባሩን ነካ። ሰበታ እስኪደርሱ ድረስ የማይታወቁትን ሽማግሌ ከግማሽ አውቶቡስ በላይ ሰው ተሳለማቸው። ጎበና ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጸሐፊው» አለ ሲወርዱ፣ «እኔ ዘሬን ቁጠር ብትለኝ እስኪመሽ እቆጥርልሃለሁ። አንድ ፎቶ የለኝም።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እሱ ነው ጥቅሙ። ያልተጠየቀ ሰው ነው በደንብ የሚቆጥረው።»

እሑዱ ደረሰ። ሽማግሌው ከመግቢያው ፊት ለፊት ተሰቅለዋል። ስማቸውን ከተጠየቀ የሚመልሰውን ዓባይነህ አጥንቷል፤ «ስማቸውን ስጠራ ሆዴ ይባባል» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ጠጅቱ ከፉሪ መጥታ ዶሮ ሠርታለች፤ ጎበና ንጹሕ ሸማ ለብሶ የጎረቤት ምስክር ሊሆን ተቀምጧል።

አቶ ካሳሁን አክስታቸውን እማማ ማሪቱን አስከትለው መጡ። እማማ ማሪቱ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ዘር የሚያስቆጥሩ፣ በቤተሰቡ የሚፈሩ አሮጊት ናቸው። አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኝ ሥጋ አያገባም፤ ይህን የሚለየው ደግሞ የእማማ ማሪቱ ጭንቅላት ነው። ገና ደፍ ሲሻገሩ ግድግዳውን አዩ። ምርኩዛቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«አባዬ!» አሉ። «አባዬ እዚህ ምን ያደርጋል?»

እማማ ማሪቱ ወደ ፎቶው ተጠግተው ጺሙን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ አለቀሱ፤ ከዚያ ዓባይነህን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«ልጄ፣ እኚህ ለአንተ ምንህ ናቸው?»

ዓባይነህ ያጠናው መልስ ከዚህ ጥያቄ ጋር አይገጥምም። ሆኖም ያለው እሱ ብቻ ነበር። «አያቴ ናቸው» አለ፤ «ስማቸውን ስጠራ ሆዴ ይባባል።»

«ግራዝማች ጥሩሰው!» ብለው እማማ ማሪቱ ስሙን ጠሩለት። «አባቴ! ከፎቶ አንሺው ሁለት አስነስቶ ነበር። አንዱ ከእህቴ ከአጸደ ጋር ሱሉልታ ሲኖር ኖሮ እሷ ስትሞት ካሳሁን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦልኛል። ሁለተኛውን ለማን እንደሰጠው ሳይነግረን ሞተ። ለካ ለተጉለቷ ነው! ተጉለት ዘምቶ ሴት ይዞ ነበር ሲባል እናቴ ስትሰማ አሥር ጊዜ ራሷን ስታለች። የተጉለቷ የልጅ ልጅ! ጆሮውን እዩት፣ የአባዬ ጆሮ ነው!»

ዓባይነህን አቅፈው አገላብጠው ሳሙት። ስመው ሲጨርሱ ደግሞ ነገሩ ገባቸውና በደረታቸው አማተቡ።

«ኧረ ሥላሴ! ውብአየሁ! የአባቷ አጎት ልጅ ሊያገባት ነበር! ግድግዳው ባያድነን በሥጋችን ልንረክስ ነበር። ልጄ፣ ጋብቻው ቀርቷል፤ ግን አትዘን፣ ዘመድ ሆነህ መጥተሃል፣ ይበልጣል።»

ጎበና ወጡን ሊያይ ብሎ ወደ ምድጃው ሸሸ።

አቶ ካሳሁን ግን ከሁሉም የበለጠ ነው የገረጡት። የቆሙት በሁለት ገደል መካከል ነበር፤ ገደሎቹን ለይቶ ማስረዳት ይገባል። ፎቶው ሁለተኛው ከሆነ፣ ይህ ጸሐፊ የግራዝማች ወራሽ ነው፤ መሬቱ ደግሞ ገና አልተከፈለም። ፎቶው የመጀመሪያው ከሆነ፣ አቶ ካሳሁን ለራሳቸውም ለአክስታቸውም ወኪል ሆነው ሱሉልታ ያለውን ዕቃ በሙሉ «ሳታዩ ሽጡ» ብለው እንዳሸጡና ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ምንም ነገር እንደሌለ ይታወቃል። ያን ሁሉ ስለ ዘር ያወሩ ሰው፣ ዘመድ ተገኘ ሲባል ላብ በላብ ሆኑ። ሲወጡ ዓባይነህን ወደ ጓዳ ሳብ አድርገው በዝግታ ጠየቁት።

«የሱሉልታውን መሬት ነገር... ሰምተሃል?»

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ዶሮውን ጎበና በላው።

«እኔ ይሄን ያህል ዓመት ቁልፍ ስገዛ አንድም መሬት ይዞ የመጣ ቁልፍ የለም» አለ እያኘከ። «ያንተ አያት ግን ከነጋሻ መሬታቸው! ማመልከቻውን ራስህ ጻፍ። ከአንተ የተሻለ ማን ይጽፈዋል?»

«ውብአየሁስ?»

«እሷማ እህትህ ሆናለች። ስታገኛት አከም ጅርታ፣ ደህና ነሽ ወይ እህቴ፣ በላት።»

ጠጅቱ ከምድጃው በኩል «አንተ ዝም በል!» አለችው።

ዓባይነህ አልሳቀም። ነገሩን በሙያው መዘነው፤ አሮጊት ምስክር አለ፣ ፎቶ አለ፣ ጆሮ አለ። ስንት ሰው ከዚህ ባነሰ ማስረጃ ጋሻ መሬት አግኝቷል! መሬት ያለው፣ የግራዝማች የልጅ ልጅ የሆነ፣ አሮጊት እያቀፉ የሚስሙት ሰው ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ውብአየሁን ሌላ ሰው ያገባታል፤ እሱም እንደ ዘመድ ሆኖ በሠርጓ ይጨፍራል። እዚህ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ አንገፈገፈው።

«ጎበና» አለ፣ «ማክሰኞ ቡራዩ አብረን እንሄዳለን። እኔ ማንም አለመሆኔን ትመሰክርልኛለህ።»

«ለዚህስ መሐላም አያስፈልግ» አለ ጎበና።

ማክሰኞ ቡራዩ፣ በአቶ ካሳሁን ግቢ ዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እማማ ማሪቱ መሐል ላይ ናቸው። የስፌቱ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ የመኪናው ድምፅ አይሰማም፤ ውብአየሁ ትሰማለች ማለት ነው። ዓባይነህ ተነስቶ ቆመ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። አያቴ አይደሉም። ገዝቻቸው ነው።»

«ምን አልክ?»

«በሐራጅ። አቶ ካሳሁን አያቴን ቢጠይቁኝ የማሳየው ስላጣሁ ገዛሁ።»

እማማ ማሪቱ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አያችሁ? ለልጅቷ ብሎ አባቴን ሊክድ! ጆሮውስ? ጆሮውንም ገዛኸው?»

ሰው ውሸቱን አምነውለት እውነቱን ሲክዱበት ማየት ያስገርማል። ዓባይነህ ማለ፣ ተገዘተ፣ የአገሩን ቄስ ጠራ። አሮጊቷ «ምስኪን!» ከማለት በስተቀር ፍንክች አላሉም። ይልቅስ በዚህ ጊዜ የረዱት አቶ ካሳሁን ናቸው። መሬቱን በልባቸው ይዘው «አክስቴ፣ ልጁ እኮ አይደለሁም አለ! ሰው በግድ ዘመድ ይሆናል? እኔ ፊቱን ሳየው ምንም የጨዋ ዘር የለበትም!» አሉ። ባለፈው ወር የማን ልጅ ነው እያሉ ያስጨነቁት እኚሁ ሰው ነበሩ።

«እሺ፣ ምስክር አለህ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

ጎበና ተነሳ። «እኔ አለሁ። አብረን ነው የገዛነው። አጣጥዬም ነበር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ ሥራዬ ነው።»

«ከየት ነው የገዛችሁት?» አሉ እማማ ማሪቱ።

አቶ ካሳሁን ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ገደል ትዝ ያላቸው። «ይሄ ምን ያደርጋል፣ ከየትም ይሁን...» ማለት ጀመሩ፤ ጎበና ግን ጮክ ብሎ መልሷል።

«ከሱሉልታ። ከወይዘሮ አጸደ ግቢ። ገርባ የሚባል ሐራጅ ባይ ነው የሸጠልን፤ ኦሮምኛ ይችላል።»

እማማ ማሪቱ በምርኩዛቸው ተደግፈው ቀና አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወንድማቸው ልጅ አዞሩ።

«ካሳሁን። ሣጥንህን አምጣ።»

«አክስቴ...»

«አባቴን ያስቀመጥክበትን ሣጥን አምጣ!»

«ሣጥኑም...» አሉ አቶ ካሳሁን መሬት መሬት እያዩ፣ «ሣጥኑም አብሮ ተሽጧል።»

«እሱን እኛ አልገዛንም!» አለ ጎበና በፍጥነት።

አሮጊቷ ከምርኩዛቸው ላይ ሆነው ተናገሩ፤ ቁጣቸው ጩኸት አልነበረውም። «ደሙ የሆነው ሸጠው። ደሙ ያልሆነው ገዝቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ አቧራውንም ጠረገለት። እንግዲህ እናንተ ሽማግሌዎች ፍረዱ፤ እኔ ማንን ልርገም?»

ሽማግሌዎቹ ዛፉን ማየት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ሐራጅ ላይ የሠለጠኑ ይመስሉ ነበር።

የስፌቱ ክፍል በር ተከፈተ። ውብአየሁ መቀሷን እንደያዘች ወጥታ ከዓባይነህ ፊት ቆመች።

«አቶ ዓባይነህ፣ አያት ገዝተው አባቴን ሊያታልሉ ነበር።»

«አዎ።»

«እኔንስ በምን አታለሉኝ?»

«አንቺ የማን ልጅ ነህ ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም። በኮቱ ብቻ ነው ያታለልኩሽ፤ እጅጌው ልክ ነበር።»

«እሱን አውቄያለሁ» አለች። «አሁን ጠየቅኩ። የማን ልጅ ነዎት?»

ያ ሁሉ የሱሉልታ ጉዞ፣ ያ ሁሉ አውቶቡስ፣ ይህን አንድ ነገር ላለመናገር ነበር። አቶ ካሳሁን ጆሯቸውን አቀኑ።

«የአባቴ አባት ሸማኔ ናቸው» አለ። «ተጉለት ላይ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ተቀምጠው ሲሸምኑ ነው የሞቱት። ምንዳዬ ይባላሉ። ጎራዴ አልነበራቸውም።»

አቶ ካሳሁን «ሸማኔ!» ብለው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። እማማ ማሪቱ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ሲመቱ ግን ተመልሰው ተቀመጡ፤ በዚያን ቀን የመቆጣት ድርሻቸውን ሸጠው ጨርሰዋል።

ውብአየሁ አባቷን አየች። «አባዬ፣ እርስዎ አቡጀዴ ይሸጣሉ፤ እኔ እሰፋለሁ። ሸማኔ ባይኖር እኛ ምን እንበላ ነበር? ጨው ብቻ?» ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ይቁጠሩልን። እውነተኛውን።»

እማማ ማሪቱ ዕንባቸውን ጠርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «እሺ ልጄ፣ ቁጠር። ምንዳዬ የማን ልጅ?»

«የወልደ ሐና።»

«ወልደ ሐና የማን?»

«የበጋሻው።»

በጋሻው ላይ ሲደርስ አቶ ካሳሁን ድንገት ተጨነቁ። የግራዝማች ቅድመ አያትም ተጉለት ገብተው ወጥተው ነበር፤ ስሞቹ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር ዘመድ የመገኘቱ ነገር እየተቃረበ መጣባቸው፤ ዘመድ ከተገኘ ደግሞ መሬት አለ።

«ይበቃል!» አሉ። «በቃ አክስቴ፣ ሸማኔ ነው፣ ምንም አይገናኘንም፣ ይጋቡ!»

«አይበቃም» አሉ እማማ ማሪቱ። «ሰባት ይሙላ። በጋሻው የማን ልጅ ነው?»

ዓባይነህ ዓይኑን ጨፈነ፤ አባቱ በልጅነቱ ማታ ማታ ያስቆጥሩት የነበረውን ዜማ ፈለገና አገኘው። ቀጠለ። ውብአየሁ መቀሷን መሬት ላይ አስቀምጣ ከአጠገቡ ተቀመጠች፤ ስሞቹን አብራው በከንፈሯ መድገም ጀመረች፤ የልጆቿ ሊሆኑ ነው።